ስም የተጻፈበት ሰይፍ

ባለፈው ሳምንት ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኳቸውን ሰይፎች ፎቶ ለጥፌ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አይታችኋል። «ቲቸር፣ ሸፈትክ እንዴ?» ያላችሁኝ አላችሁ። «ጠመኔ እየወረወርክ ስትመታን አልበቃህም?» ያለችኝ ደግሞ ከኋላ ወንበር የማትነሳው የድሮ ተማሪዬ ናት፤ አውቄሻለሁ። በውስጥ መስመር አንድ የማከብረው ወዳጄ ግን ቆጣ ብሎ ነው የጻፈልኝ። «የአያቶችህ ጎራዴ እያለ የፈረንጅ ሰይፍ መልቀም ምን የሚሉት ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ኮሜንት ስር በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ቡናችሁን ያዙ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ አንዱን ድርቅ ካልሆነ በቀር፣ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። 1864 ስላችሁ አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ያሰሩበት ዓመት ነው፤ ለማነጻጸር ይረዳችኋል።

አገር ቤት ሳስተምር የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት በአንድ ክፍለ ጊዜ ነበር የምጨርሰው። ሰሜንና ደቡብ፣ ባርነት፣ ሊንከን፣ ከ1861 እስከ 1865፣ አለቀ፤ ደወል። እዚህ ሜሪላንድ ከመጣን በኋላ ግን ጌቲስበርግ ከምንኖርበት ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ መመላለስ ጀመርኩ። በመንገዱ ያሉት ትንንሽ ከተሞች በአሮጌ ዕቃ መሸጫ የተሞሉ ናቸው። ምናለሽ ተራን ጣሪያ ሥሩለትና ለስለስ ያለ ሙዚቃ ክፈቱበት፤ በቃ እንደዚያ ነው። ከድስቱና ከአሮጌው ስልክ መሀል፣ ጥግ ላይ፣ የጃንጥላ ማስቀመጫ ውስጥ ሰይፍ ቆሞ ታገኛላችሁ። የመቶ ስድሳ ዓመት ጎራዴ ስገዛ መታወቂያ እንኳ የጠየቀኝ የለም።

መጀመሪያ የገዛሁት የፈረሰኛ ጎራዴ ነው። ሰብሳቢዎቹ «ሞዴል 1860» ይሉታል። ስለቱ 88 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይረዝማል፣ ትንሽ ጎበጥ ይላል። እጅን የሚጋርደው ናስ ሦስት ቅርንጫፍ አለው። መያዣው እንጨት ሆኖ ቆዳ ለብሷል፤ ቆዳው ላይ የተገመደ ሽቦ ይጠመጠምበታል። የኔው ሽቦው ጠፍቷል፣ ቆዳውም ግማሹ ተልጧል። ሰገባው ብረት ነው፤ ከቀበቶ ጋር የሚያያዝባቸው ሁለት ቀለበቶች አሉት። ዋጋው 420 ዶላር ነበር። ባለቤቴ የስንት ወር የመብራትና የስልክ ሂሳብ እንደሆነ ወዲያው አስልታ ነገረችኝ።

ቤት ወስጄ በመብራት ሳየው ነው ነገሩ የያዘኝ። ከእጀታው ሥር፣ ስለቱ ላይ፣ በአንዱ ጎን «ዩ ኤስ» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ፊደላት፣ ከዚያ 1864። በሌላው ጎን የሠራው ፋብሪካ ስም አለ፦ ኤምስ፣ ቺኮፒ፣ ማሳቹሴትስ። ሦስቱ ፊደላት የተቆጣጣሪው ስም መጀመሪያዎች ናቸው። መንግሥት ፋብሪካው ድረስ ሰው ይልክ ነበር። ሰውየው ስለቱን እያጎበጠ ይፈትነዋል፣ ግንድ ላይ ይመታዋል፤ ካልተሰበረና ካልተጣመመ የስሙን ፊደላት ያትምበታል። ያለ እነዚያ ፊደላት መንግሥት ገንዘብ አይከፍልም።

እንግዲህ አስቡት። የሠራው ፋብሪካ ይታወቃል። የፈተነው ሰው ይታወቃል፤ የተቆጣጣሪዎቹ ፊደላት ከነሙሉ ስማቸው በመጽሐፍ ተዘርዝረው ይገኛሉ። ዓመቱ ይታወቃል። ታጥቆት ፈረስ ላይ የወጣው ሰው ግን ከነጭራሹ የለም። ጎራዴው የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ወታደሩ ስሙን አይጽፍበትም። አልፎ አልፎ ናሱ ላይ በምስማር የተጫረ የስም መጀመሪያ ወይም የካምፓኒ ቁጥር ይገኛል፤ ሰብሳቢዎች ለዚያች ጭረት ሲሉ ብዙ ዶላር ይጨምራሉ። የኔው ላይ አጉሊ መነጽር ይዤ ስንት ማታ ፈለግኩ መሰላችሁ። ምንም የለም።

ኤምስ የሚባለው ፋብሪካ በነገራችን ላይ ሰይፍ ብቻ አልነበረም የሚሠራው። ዋሽንግተን የሴኔቱ ክንፍ የነሐስ በሮች እዚያ ነው የተቀለጡት። ኮንኮርድ ከተማ የቆመው፣ አንድ እጁ ሞፈር አንድ እጁ ጠመንጃ የያዘው የገበሬ ወታደር ሐውልትም የነሱ ሥራ ነው፣ 1875። ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ኤምስ ብቻውን አልቻለም። መንግሥት ውሉን ለሌሎችም ሰጠ። ከነሱ ውስጥ የሚገርሙኝ በማሳቹሴትስ ሮቢ፣ በሮድ አይላንድ ደግሞ ማንስፊልድና ላምብ የሚባሉት ናቸው፤ ከጦርነቱ በፊት የሣር ማጨጃ ማጭድ ሠሪዎች ነበሩ። ብረት ማቅጠንና ማጉበጥ ያውቃሉ፣ የውሃ መዶሻውም አላቸው፤ ማጭዱን ትተው ጎራዴ ቀጠቀጡ። ኢሳይያስ የተነበየው ተገልብጦ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጎራዴዬ ከዚህ የሚበልጥ ነው፣ ሞዴል 1840። ወታደሮቹ «የእጅ አንጓ ሰባሪው» ብለው ስም አውጥተውለት ነበር፤ አንድ ሁለት ጊዜ ወዝውዛችሁ ስታዩት ለምን እንደተባለ ይገባችኋል። ቅርጹን ከፈረንሳይ ነው የወሰዱት፤ የመጀመሪያዎቹን ግን ያሠሩት ጀርመን፣ ሶሊንገን ከተማ ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ለቆጣው ወዳጄ የምመልሰው። ሶሊንገን የሚለውን ስም አገር ቤት ሙዚየም የጎበኘ ሰው አይቶት ሊሆን ይችላል። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ካሉት የኛ ጎራዴዎች የብዙዎቹ ስለት ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ሶሊንገን የሚል የታተመበትና የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት አለ። መያዣውን የኛ ሰው ከአውራሪስ ቀንድ ጠርቦ፣ አፎቱን ቆዳ ሰፍቶ የኛ ያደርገዋል። «የፈረንጅ ሰይፍ» እና «የአያቶቻችን ጎራዴ» የምንላቸው አንዳንዴ የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው።

የራሴን አያት ጎራዴ በተመለከተ ደግሞ፣ ቢኖርማ ኖሮ ምን ችግር ነበረው። በ77ቱ ድርቅ ለእህል ተሸጠ ይባላል። ይባላል ነው የምለው፤ አባቴ ነው የነገረኝ፣ ለአባቴም እናቱ። ማን ገዛው፣ በስንት ኩንታል፣ የሚያውቅ የለም። እንደዚህ አገር ሰብሳቢዎች ብዛት ከሆነ አንዱ ፈረንጅ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ፣ እንግዳ ሲመጣ «አቢሲኒያ» እየተባለ ይተረክለት ይሆናል። ስሙ የተጻፈበት ስላልሆነ ባየውም አላውቀውም።

ወደ አሜሪካኖቹ ልመለስ። አንድ የሚገርም ቁጥር አለ። ከጦርነቱ በኋላ የሰሜኑ ጦር ሐኪሞች ያወጡት ግዙፍ የሕክምና ታሪክ 246,712 በጦር መሣሪያ የደረሱ ቁስሎችን መዝግቧል። ከዚያ ሁሉ በሰይፍና በሳንጃ የቆሰለው 922 ብቻ ነው። በቃ። የቀረው ጥይትና መድፍ ነው። እርግጥ እዚያው ሜዳ ላይ የሞተው ሐኪም ጋ አይደርስም፣ አይቆጠርምም። ፈረሰኛ ከፈረሰኛ በጎራዴ የተሞሸላለቀበት ቀንም አለ። ሰኔ 9 ቀን 1863 ቨርጂኒያ ውስጥ ብራንዲ ስቴሽን ላይ ከሁለቱም ወገን ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ጦር፣ አብዛኛው ፈረሰኛ፣ ቀኑን ሙሉ ተዋግቷል። እንደዚያም ሆኖ አብዛኛው ጎራዴ ከሰገባው ሳይወጣ፣ ሳይሳል፣ ኮርቻ ላይ እየተንቀጫቀጨ ነው ጦርነቱን የጨረሰው። የኔው 1864 ስለቱ እንደ ፋብሪካው ነው፤ ሽንኩርት አይከትፍም።

ለምን ይሄን ያህል ተረፈ ለምትሉ፦ ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት ዕቃውን በጨረታ ሸጠው። ፍራንሲስ ባነርማን የሚባል ከስኮትላንድ የመጣ የኒውዮርክ ነጋዴ የተራረፈ የጦር ዕቃ በጅምላ እየገዛ ካታሎግ አሳትሞ ቸረቸረ። ዕቃው ቢበዛበት 1900 ላይ ሃድሰን ወንዝ ላይ ደሴት ገዝቶ እንደ ቤተ መንግሥት ያለ መጋዘን ሠራበት፤ ፍርስራሹ ዛሬም ከባቡር መስኮት ይታያል። ዛሬ በየጋራዡ ከተሰቀለው ጎራዴ ብዙው ከሜዳ የመጣ ሳይሆን ከካታሎግ የታዘዘ ነው። ይህን ለሻጩ ብትነግሩት ግን ይከፋዋል። የሱ ሁሌ የቅድመ አያቱ ነው።

የመጨረሻው የአሜሪካ ፈረሰኛ ሰይፍ 1913 የወጣው ነው። የነደፈው ጆርጅ ፓተን ነው፤ አዎ፣ ያ ኋላ የታንክ ጄኔራል የሆነው። ያኔ ወጣት መቶ አለቃ ነበር፤ ከዓመት በፊት ስቶክሆልም ኦሎምፒክ በዘመናዊ ፔንታትሎን አምስተኛ ወጥቷል። ቀጥ ያለ፣ ለመውጋት እንጂ ለመቁረጥ ያልታሰበ ሰይፍ ነው። በ1934 ፈረሰኛው ሰይፉን እንዲተው ታዘዘ። ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው ማይጨው፤ የኛ ሰዎች እዚያ የሄዱት ጎራዴያቸውን ታጥቀው ነው። የፓተንን ሰይፍ ግን አልገዛሁትም። አያምርም። ሰብሳቢዎች ይቅርታ።

በዚህ መንደር ለጀማሪ የሚነገር አንድ ምክር አለ፦ ሰይፉን ግዛ፣ ወሬውን አትግዛ። ተማሪዎቼ ከሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። «ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? እዚያ ነበር ወይ?» እያልኩ ያደነቆርኳችሁ ነገር ነው። ሻጭ «ጌቲስበርግ ላይ የተያዘ ነው» ሲላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። ወረቀት ከሌለ የምትገዙት 1860 ጎራዴ ነው እንጂ ጌቲስበርግን አይደለም።

የደቡቡ ጦር ሰይፍ ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ደቡብ እንደ ሰሜኑ ብዙ ፋብሪካ አልነበራትም፤ ሪችመንድና ጆርጂያ ኮሎምበስ ውስጥ በነበሩ ወርክሾፖች በችኮላ ነው የተሠሩት። ናሱ መዳብ ስለሚበዛበት ቀላ ይላል፣ ስለቱ ላይ ያልተበየደ ስንጥቅ ይታያል፣ መያዣው ቆዳ ሲጠፋ ቀለም የተቀባ ሸራ ለብሷል። ጥቂት ስለሆኑ ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህም ህንድ አገር የተሠራ አዲስ ሰይፍ «ሲ ኤስ» ተብሎ ታትሞበት፣ አሲድ ጠጥቶ፣ መሬት ውስጥ ከርሞ «አሮጌ» ሆኖ ይመጣል። የእጀታውን ጫፍ እዩ፤ የብረቱ ጅራት የተቀጠቀጠበት ቦታ አዲስ የሚያበራ መዶሻ ምልክት ካለበት አንድ ሰው ፈቶታል ማለት ነው። ደግሞም እባካችሁ ናሱን በአመድና በሎሚ አትፈትጉት። የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ያ ቡናማ ገጽ ዕድሜው ነው። ቀጭን ዘይት፣ ትንሽ ሰም፣ በቃ።

ወሬ ስል፣ ትልቁ ወሬ ጄኔራል ሊ ሲማረክ ሰይፉን ለግራንት አስረከበ የሚለው ነው። ሥዕል ሁሉ ተስሎለታል። ግራንት ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ተረት ነው ብሎታል። ሚያዝያ 9 ቀን 1865 አፖማቶክስ ላይ ሊ አምሮ ለብሶ፣ ሰይፍ ታጥቆ መጣ፤ ግራንት ጭቃ በነካው ቡትስና ያለ ሰይፍ ነበር። በውሉ ላይ መኮንኖች የጎን መሣሪያቸውን እንዲያስቀሩ ተጽፏል። ሊ ሰይፉን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።

ወሬው እውነት የሚሆንበትም ጊዜ አለ፣ አልክድም። «ግሎሪ» የሚለውን የዴንዘል ዋሽንግተንን ፊልም አይታችሁ ይሆናል። የጥቁሮቹ ክፍለ ጦር፣ 54ኛው ማሳቹሴትስ፣ አዛዥ የነበረው ኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾው በ25 ዓመቱ ሐምሌ 18 ቀን 1863 ፎርት ዋግነር ምሽግ ላይ ሞተ። አስከሬኑ ሲገፈፍ ሰይፉም ተወሰደ። በ1865 ተገኝቶ ለወላጆቹ ተመለሰ፤ ከዚያ እንደገና ጠፋ፣ አንድ መቶ ዓመት በላይ። በ2017 የእህቱ ዘሮች ማሳቹሴትስ ውስጥ ከቤታቸው ጣሪያ ሥር አገኙት። ለንደን ውስጥ በዊልኪንሰን የተሠራ ነው፤ ስለቱ ላይ የስሙ መጀመሪያ ሦስት ፊደላት፣ ሌላም መለያ ቁጥር አለው። ዛሬ ቦስተን የማሳቹሴትስ ታሪክ ማኅበር ዘንድ ነው። አያችሁ፣ እዚያ ወሬውን የሚደግፍ ቁጥር አለ። እና የሀብታም ልጅ ስለነበረ ነው። ሾውን ተከትለው ምሽጉ ላይ የወጡት ወታደሮች ይዘውት የነበረው ሁሉ የመንግሥት ነው፣ ስም የለበትም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው።

አሁን ረዳት ሆኜ በምሠራበት ሃይስኩል የሂሳብ አስተማሪ የሆነች ባልደረባ አለችኝ። ይህን አመሌን ታውቃለች። ባለፈው ጥቅምት «እናቴ ጋ የቅድመ አያቷ ሰይፍ አለ፣ መጥተህ እይልን» አለችኝ። እናትየው 86 ዓመታቸው ነው፣ ፔንሲልቬኒያ ገጠር ነው የሚኖሩት። ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ እሳቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሊገቡ ነው። የዚያ ቤት የወር ክፍያ የእኔን ደሞዝ ይበልጣል። አንድ ዘመድ ደግሞ «ይህ ሰይፍ አምስት ሺህ ዶላር አያንስም» ብሏቸዋል። ፈረሰኛ ነበሩ፣ ጌቲስበርግ ላይ ተዋግተዋል፤ ሰይፉ ላይም ኤፍ፣ ሲ፣ ቢ ተጽፏል፣ «ፈርስት ካቫልሪ፣ ካምፓኒ ቢ» ማለት ነው ብሏል።

ሄድኩ። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሰይፉን በፎጣ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ይዘውታል። በእንግሊዝኛ «ማም» ብላቸውም በሆዴ «እማማ» ነበር የምላቸው። ፎጣውን ገና ሲገልጡት፣ እጄ ሳይነካው፣ አወቅኩት። የእጀታው ራስ ላይ የራስ ቁር የደፋ የባላባት ጭንቅላት አለ። ስለቱ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ ሰገባው ኒኬል ተለብጦ በጌጥ ተሞልቷል። የሠራው ሊሊ የሚባል የኦሃዮ ኩባንያ ነው።

ይህ የጦር ሰይፍ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ በማኅበራት ተጥለቀለቀች፤ እንደኛ እድርና ጽዋ ማኅበር በሉት፣ ግን ዩኒፎርምና ሰልፍ ያለው። ከነሱ አንዱ በ1864 ዋሽንግተን ውስጥ የተመሠረተው «ናይትስ ኦፍ ፒቲያስ» ነው፤ ስሙን የወሰደው በሞት ለተፈረደበት ጓደኛው ዋስ ሆኖ ከቆመ ሰው የጥንት ታሪክ ነው። አባላቱ በሰልፍ ቀን ሰይፍ ይታጠቃሉ። ኤፍ፣ ሲ፣ ቢ የማኅበሩ መፈክር ነው፦ ወዳጅነት፣ ምጽዋት፣ በጎ አድራጎት። እነዚህ ሰይፎች በሺዎች ተሠርተዋል። ገበያ ላይ መቶ ምናምን ዶላር ነው የሚያወጡት።

ስለቱን ከሰገባው ሳብ አደረግኩት። በመሀሉ፣ በአበባና በሐረግ መካከል፣ የቅድመ አያታቸው ሙሉ ስም ከነአባቱ በሚያምር ጽሑፍ ተቀርጿል። ለማኅበር ሰይፍ የተለመደ ነው፤ አባሉ በራሱ ገንዘብ ስለሚያዝ ስሙን ያስቀርጻል።

ዝም ብዬ ትንሽ ቆየሁ። እማማ እያወሩኝ ነው። ልጅ ሳሉ በሙታን ወታደሮች መታሰቢያ ቀን አባታቸው ከግድግዳ አውርዶ እንደሚያስይዛቸው፣ ክብደቱ እንደሚጥላቸው፣ ሰልፉ ሲያልፍ በር ላይ ቆመው እንደሚያዩ። ልጃቸው ከኋላ ሆና በዓይኗ ትጠይቀኛለች። እሷ የምትፈልገው ቁጥሩን ነው።

ልዋሻቸው እችል ነበር። ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ማስረጃ ማስረጃ ስል ኖሬ እዚህ ላይ ለአንዲት አሮጊት አንዲት ቅዳሜ ብዋሽ ማን ይጠይቀኛል? ግን ነገ አንዱ ሻጭ በሳቅ ይነግራቸዋል። እኔ ብነግራቸው ይሻላል አልኩ። በእርግጠኝነት ከማውቀው ጀመርኩ። «ስሙ የሳቸው ነው፣ እውነተኛ ነው። ሰይፉም በዘመናቸው የተሠራ ነው፣ ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው» አልኳቸው። ከዚያ የማኅበሩን ነገር ነገርኳቸው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፦ «ታዲያ ቅድመ አያቴ ውሸታም ነበር ማለት ነው?»

«እሳቸው በአፋቸው ጌቲስበርግ ላይ የታጠቅኩት ነው ብለው የነገሩት ሰው ያውቃሉ?» አልኳቸው። የመማሪያ ክፍል ጥያቄ ነው፣ ሌላ የለኝም። እማማ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የነገራቸው አባታቸው ነው። አባታቸው የተወለደው ቅድመ አያቱ ከሞተ በኋላ ነው። አያታቸው ደግሞ ስለ ጦርነቱ ምንም የማያወራ ዝምተኛ ነበር። ከሰውየው አፍ የሰማ ማንም የለም። «እንግዲያው ሰይፉ ነው ያወራው» አሉና ትንሽ ሳቁ።

«በጦርነቱ ይዞት የነበረውስ የት ሄደ?» አሉኝ ቀጥሎ። የመንግሥት ነው አልኳቸው። 1865 ላይ ሲሰናበቱ መሣሪያውን መውሰድ የፈለገ ወታደር እንዲገዛ ተፈቅዶ ነበር፤ ሰይፍ 3 ዶላር። የተራ ወታደር የወር ደሞዝ 16 ዶላር ነው። ሦስቱን ዶላር ለቤቱ የመረጠ ብዙ ነው። ደግሞ እግረኛ ተራ ወታደር ከነበሩ መጀመሪያም ሰይፍ አልታጠቁም፤ ሰይፍ የመኮንን፣ የሳጅንና የፈረሰኛ ነው። ያም ከሆነ ይህ በእጃቸው የያዙት የመጀመሪያ ሰይፍ ነው።

ለማወዳደር ብዬ የኔን 1864 መኪና ውስጥ ይዤ ነበር። አምጥቼ አስያዝኳቸው። ክብደቱን አይተው ገረማቸው። ከዚያ እያገላበጡ ስም መፈለግ ጀመሩ፤ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ልክ እኔ እንዳደረግኩት።

«የማን ነው?»

«አይታወቅም።»

«ፑር ቦይ» አሉ፤ ምስኪን ልጅ። ጎራዴውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ መለሱልኝ። መኪና ውስጥ ስመልሰው እንደ ወትሮው ወደ ኋላ ወንበር መወርወር ከበደኝ፤ በፎጣ ጠቀለልኩት።

ዋጋውን ለልጅየው በር ላይ ነገርኳት። መቶ ሃያ፣ ቢበዛ መቶ ሃምሳ። ፊቷ ሲወርድ አየሁት፤ ስንት ነገር አስልታበት እንደነበር ያስታውቃል። እናትየው ከውስጥ ሰምተዋል ለካ። በአምስት ሺህ ሊሸጡት የነበሩት እማማ፣ «በመቶ ሃያማ አልሸጠውም!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሥራ እኔው ነኝ የያዝኩት። ስም አለና መፈለግ ይቻላል። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በኢንተርኔት ያስቀመጠው የወታደሮቹ ስም ዝርዝር አለ፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ስም ነው፣ ለሁሉም ክፍት ነው። በዚያ ስም ከፔንሲልቬኒያ አራት ሰው ወጣልኝ። በወረዳ ስለየው ሁለት ቀሩ፦ አንዱ ፈረሰኛ፣ አንዱ እግረኛ ተራ ወታደር። የቱ እንደሆኑ የሚለየው የጡረታ ፋይላቸው ነው። ከጦርነቱ የተረፈ ሰው ወይም ሚስቱ ጡረታ ሲጠይቁ የቆሰለበትን፣ የሚስቱን ስም፣ የልጆቹን ልደት፣ የምስክሮችን ቃል ሁሉ ያስመዘግባሉ። ዋሽንግተን ናሽናል አርካይቭስ ውስጥ ነው ያለው፤ በፎርም ይጠየቃል፣ ተገልብጦ ይላካል። ባልደረባዬ ከፍላ ልካዋለች።

እማማ አረጋውያን ቤት ገብተዋል። ሰይፍ ይዞ መግባት አይቻልም ስለተባለ ልጃቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ስለቱ ላይ ያለውን ስም ብቻ ፎቶ አንስታ አሳትማ አልጋቸው አጠገብ ሰቅላላቸዋለች። እኔ ሳላውቅ ደግሞ ስልክ ቁጥሬን ወስደዋል። እሑድ እሑድ ከሰዓት ይደውላሉ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቃሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ደብዳቤው መጣ?» ይላሉ።

«ገና ነው፣ ማም» እላለሁ።

«ፈረሰኛው ይሆን?»

«እግረኛውም ሊሆን ይችላል።»

«እግረኛ ቢሆንም ግድ የለኝም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ «ፈረሰኛው ቢሆን ደስ ይለኛል።»